ካውንተር ውስጥ ስለሚገጠም የምግብ ማሞቂያ (ቤንማሪ) ሀዋሳ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀዋሳ ላይ ምግብ ቤት ወይ ካፌ ልትከፍቱ፣ የሰራተኛ ካፍቴሪያ ልትይዙ ወይ ያላችሁን ቤት አድሳችሁ ቡፌ ልታስገቡ ያሰባችሁ ሰዎች ስለ ማሞቂያ ምትጠይቁት ነገር አብዛኛው አንድ አይነት ነው፣ ስለዚ እዚ ጋ ዘርዘር አርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ዋጋ አልጻፍኩም፣ ዛሬ የጻፍኩት በወሩ አይሰራም። ብዙ ሰው መጀመሪያ እቃውን ይገዛና ከዛ ሜኑውን፣ ካውንተሩን፣ መብራቱን በእቃው ልክ ለማስተካከል ይሯሯጣል። መሆን ያለበት ግን ምን ምግብ እንደምታቆዩ፣ ስንት ሰአት እንደምታቆዩትና የመብራት መስመራችሁ ስንት እንደሚችል ቀድሞ ይታወቅ፣ እቃው ከዛ በኋላ ይመረጣል።

ካውንተር ውስጥ የሚገባው ከቻፊንግ ዲሽ በምን ይለያል?

ቻፊንግ ዲሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከስሩ ጄል ወይ ትንሽ ማሞቂያ ሚደረግለት ነው፣ ለሰርግ፣ ለስብሰባ፣ ዛሬ እዚ ነገ እዛ ለሚሄድ ስራ ጥሩ ነው። ካውንተር ውስጥ የሚገጠመው ግን የካውንተራችሁ ፊት ተቆርጦ ውስጡ ይቀመጣል፣ ከላይ ምታዩት የትሪዎቹን አፍ ብቻ ነው፣ ማሞቂያው፣ ሙቀቱን ሚቆጣጠረው ቴርሞስታት፣ የውሃ መውጫው ሁሉ ከስር ነው። በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ ምግብ ምታወጡ ከሆነ ይሄኛው ይሻላል፣ ሙቀቱን መቆጣጠር ይቻላል፣ ጽዳቱም ይቀላል፣ አስተናጋጅም እሳት አጠገብ አይሰራም። ጉዳቱ አንዴ ከተገጠመ በኋላ ቦታውን መቀየር ከባድ መሆኑ ነው፣ ስለዚ ቤቱ ኪራይ ከሆነና ውላችሁ አጭር ከሆነ በእግር የሚቆመውን ወይ ጎማ ያለውን አይነት አስቡበት።

ከፍሪጅ የወጣ ወጥ ብጨምርበት ያሞቅልኛል?

አያሞቅም። ማለቴ ቀስ እያለ ይሞቃል፣ ችግሩም እሱ ነው። ቤንማሪ የተሰራው ትኩስ የሆነውን ትኩስ አርጎ ለማቆየት ነው እንጂ ቀዝቃዛን ለማሞቅ አደለም፣ ጀበና ረመጥ ላይ እንደሚቆየው ማለት ነው፣ የፈላውን ቡና ያቆየዋል እንጂ ቀዝቃዛውን አያፈላውም። የአለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው፣ የበሰለ ምግብ እስኪቀርብ ድረስ ከ60 ዲግሪ በላይ ይቀመጥ፣ በ5 እና በ60 ዲግሪ መሀል ያለው ሙቀት ባክቴሪያ የሚራባበት ነው፣ የበሰለ ምግብ ደግሞ ውጪ ላይ ከ2 ሰአት በላይ አይቆይ ይላል። ቀዝቃዛ ቀይ ወጥ ቤንማሪ ላይ ስታስገቡ ያንን የ5 እና የ60 መንገድ በሰአታት ነው ሚያቋርጠው፣ ማለትም ባክቴሪያውን እራሳችሁ ምቹ ቦታ እየሰጣችሁት ነው። የስጋ ወጥ ላይ የሚመጣው ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው፣ ሩዝ ላይ የሚመጣው ደግሞ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባለው፣ ሁለቱም ምግብ ሲበስል የማይሞት ዘር አላቸው፣ ምግቡ ለብ ብሎ ሲቆይ ያ ዘር ይነሳል። ሩዝና ወጥ በየቀኑ ለምታቀርቡ ሰዎች ይሄ ወሬ ብቻ አደለም፣ ደንበኛችሁ ማታ ቤቱ ሆዱን ይዞ ሚያድርበት ምክንያት ነው።

ስለዚ ወጡን መጀመሪያ እሳት ላይ በደንብ አፍሉት፣ መሀሉ ድረስ 70 ዲግሪ ይለፍ፣ ከዛ በጋለ ቤንማሪ ላይ ይግባ። ቤንማሪው ምግብ ሳይገባበት ቀድሞ መጋል አለበት። ምን ያህል ቀድሞ ብትሉ ሂሳቡ ቀላል ነው፣ 20 ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ ወደ 80 ለማድረስ 1.4 ኪሎዋት ሰአት ገደማ ይበላል፣ ማሞቂያው 2 ኪሎዋት ከሆነ ወደ 40 ደቂቃ ማለት ነው። መቸኮል ካለባችሁ ከማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ጨምሩበት፣ ጊዜውም መብራቱም ይቀንሳል።

ውሃ ያለው ይሻላል ወይስ ደረቁ?

ይሄ በምግቡ ነው ሚወሰነው፣ እና ዋናው ጥያቄ ይሄ ስለሆነ ትንሽ ላርዝመው።

ውሃ ያለው አይነት ትሪው ስር ጥቂት ሴንቲሜትር ውሃ ይኖረዋል፣ ሙቀቱ በእንፋሎት ነው ሚደርሰው፣ እኩል ነው፣ ለስላሳ ነው። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ቀይ ወጥ፣ ጎመን በስጋ፣ ሾርባ፣ ሩዝ፣ የፓስታ ስጎ፣ አሳ ጉላሽ፣ እነዚ ሁሉ ውሃ ላይ ነው ሚመቻቸው። ደረቁ አይነት ውሃ የለውም፣ አየሩና ላሜራው ነው ሚግለው፣ ቶሎ ይሞቃል፣ ውሃ መቅዳትና ማፍሰስ የለም፣ ግን ወፍራም የሆነውን ምግብ ስር ስሩን ይይዘዋል። ሽሮ ደረቅ ማሞቂያ ላይ ሳያማስሉ የተዉት ሰዎች የትሪውን ስር ሲፍቁ ነው ሚውሉት። አንድ ካፌ ውስጥ ምሳ ሰአት ሲያልቅ ያየሁት ሽሮ አሁንም አይኔ ላይ አለ፣ ዳር ዳሩ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ከላይ ቆዳ አበጅቷል፣ ቴርሞሜትሩን መሀሉ ላይ ስንከተው ደግሞ ሃምሳ እንኳን አልደረሰም፣ ዳሩ እየፈላ መሀሉ ለብ ያለ። የሚያየው ሰው ግን ዳሩን አይቶ ትኩስ ነው ብሎ ነው ሚያወጣው።

ሀዋሳ ላይ ደሞ የአሳ ጉዳይ አለ። የተጠበሰ ቆሮሶ ውሃ ያለው ቤንማሪ ውስጥ ክዳን ተደፍቶበት ከተቀመጠ በአጭር ጊዜ ውስጥ ቆዳው ይልማል፣ ያ የሚንኮሻኮሸው ነገር ይጠፋል፣ ለአሳ ብሎ ከሩቅ ለመጣ ደንበኛ ይሄንን ማቅረብ በጣም ያሳፍራል። የተጠበሰ ነገር፣ አሳም ሆነ ሳምቡሳ ወይ ቺፕስ፣ ደረቅ ማሞቂያ ላይ ክፍት ሆኖ ከላይ ሙቀት ሚሰጥ የኢንፍራሬድ መብራት ቢያርፍበት ነው ሚሻለው፣ እሱም ለአጭር ጊዜ ነው። የኔ ምክር አሳ እንደታዘዘ ይጠበስ ነው፣ አሞራ ገደል ጠዋት የመጣን አሳ ማሞቂያ ላይ አታክርሙት። ጥብስም እንደዛው ነው፣ ስጋው ይደርቃል፣ ቡፌ ላይ የግድ ካለባችሁ በትንሽ በትንሹ አውጡት። ክትፎ ደግሞ ጥሬውም ለብለቡም እዚ እቃ ላይ ቦታ የለውም፣ ለብለብ ሲባል ራሱ ከ60 በታች ነው። ቡርሳሜም ቢሆን ሲታዘዝ ቢሰራ ነው የሚያምርበት።

ሜኑአችሁ ድብልቅ ከሆነ በውሃም በደረቅም መስራት የሚችል አይነት አለ፣ ግን ስትገዙ በግልጽ ጠይቁ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ላይ ሬዚስታንሱ፣ ማለት ሚግለው ማሞቂያ፣ ውሃው ውስጥ ነው ተነክሮ ያለው፣ ያንን ያለ ውሃ ካበራችሁት ተቃጠለ ማለት ነው። ሬዚስታንሱ ትሪው ከሚገባበት ጉድጓድ ስር ከውጪ የተለጠፈው ነው ሁለቱንም ሚችለው።

ስንት ጉድጓድ ያለው ልግዛ?

ሜኑአችሁን ወረቀት ላይ ጻፉና ቤንማሪ ላይ መቆየት ያለበትን ብቻ ምልክት አርጉ፣ ከዛ የፆምና የፍስኩን ለዩት። ረቡዕና አርብ፣ ከዛም ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን፣ የፆም ምግብ ብዙ ይወጣል፣ ግን ሀዋሳ ላይ ማይፆም ደንበኛም ብዙ ስለሆነ አርብም ቢሆን የፍስክ ወጥ ማቅረባችሁ አይቀርም። ስለዚ የፆሙ በአንድ ጫፍ የፍስኩ በሌላው ጫፍ ሆኖ ጭልፋቸውም ተለይቶ እንዲቀመጥ ጉድጓዶቹ መለየት አለባቸው፣ ሽሮ ትሪ ላይ የቅቤ ጠብታ ያየ ፆመኛ ተመልሶ አይመጣም፣ እውነቱንም ነው።

ለመካከለኛ ምግብ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ጉድጓድ ይበቃል። ትሪዎቹን ግማሽ ግማሽ አርጋችሁ ብትከፍሉ በ4 ጉድጓድ 8 አይነት ምግብ ይቆማል። ለኢንዱስትሪ ፓርክ ሰራተኛ ምሳ ሚያቀርብ ወይ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ተማሪ ሚመግብ ቤት ግን ሌላ ነው፣ እዛ የምግቡ አይነት ትንሽ ነው፣ ብዛቱ ነው ሚከብደው፣ በአንድ ሰአት ውስጥ ሰልፉ ሁሉ መስተናገድ አለበት፣ ስለዚ አይነት ከማብዛት ይልቅ አንድ አይነት ምግብ በሁለት ሙሉ ትሪ ማዘጋጀት ይሻላል፣ ሰልፉንም ከሁለት በኩል ትጀምሩታላችሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን አትደራደሩ፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ የራሱ ማብሪያና የራሱ ቴርሞስታት ይኑረው። ሁሉንም ባንድ ቴርሞስታት ሚቆጣጠረው ረከስ ይላል፣ ግን ከሰአት ሁለት ወጥ ብቻ ሲቀር አራቱንም ጉድጓድ እያጋላችሁ ነው ምትውሉት፣ ሩዝና ሾርባም አንድ አይነት ሙቀት አይፈልጉም፣ ቴርሞስታቱ የተበላሸ ቀን ደሞ ሁሉም ባንዴ ነው ሚቆመው።

የትሪው ልክ እንዴት ነው? ጂኤን ሚሉት ምንድነው?

ጂኤን ወይም ጋስትሮኖርም አለም ላይ የተስማሙበት የትሪ መለኪያ ነው። ሙሉው፣ አንድ ባንድ ሚሉት፣ 530 በ325 ሚሊሜትር ነው። ግማሹ 325 በ265፣ ሲሶው 325 በ176 ነው። ጥልቀቱ 65፣ 100፣ 150 እና 200 ሚሊ ሆኖ ይመጣል። ይሄን ልክ የጠበቀ ቤንማሪ ከገዛችሁ ትሪ ሲሰበርባችሁ ወይ ስትጨምሩ ከየትም ገዝታችሁ ይገጥማል። ልኩ የራሱ ብቻ የሆነ እቃ ከገዛችሁ ግን ትሪውን ከዛው ሻጭ ብቻ ነው ምታገኙት፣ እሱም ካስመጣ ነው።

ጥልቀት ላይ ብዙ ሰው ትልቁን ነው ሚመርጠው፣ እኔ ግን ለወጥ 100 ሚሊውን ነው ምመክረው። ሙሉ ትሪ በ100 ሚሊ 13 ሊትር አካባቢ ይይዛል፣ ይሄ ራሱ ብዙ ነው። ትሪው በጠለቀ ቁጥር መሀሉ ለመሞቅ ይከብደዋል፣ ምግቡም ረጅም ሰአት ይቆያል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ውሃው ይሸሻል። ትንሽ ትሪ ሞልቶ ቶሎ ቶሎ መቀየር ለጣእሙም ለጤናውም ይሻላል፣ ወጥ ቤቱ ትንሽ ይደክማል እንጂ ምግቡ ሁልጊዜ አሁን የወጣ ይመስላል።

በግማሽና በሲሶ ትሪ ስትከፍሉ መሀል መሀሉ ላይ ሚያርፍ ቀጭን ድልድይ አለ፣ እሱን አብራችሁ ግዙ፣ ካለሱ በክፍተቱ እንፋሎት ይወጣና እጅ ያቃጥላል፣ ሙቀቱም በከንቱ ይሄዳል።

መብራት ስንት ይበላል? ቆጣሪዬ ይችለዋል?

አንድ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ከ700 እስከ 1200 ዋት መሀል ነው፣ ትክክለኛው ቁጥር ከእቃው ጀርባ ወይ ከስሩ የተለጠፈው ላይ አለ፣ ሻጩ በቃሉ ሚነግራችሁን ሳይሆን እሱን አንብቡ። ባለ 3 ጉድጓድ 3 ኪሎዋት ነው እንበል፣ በ220 ቮልት ሲካፈል 13.6 አምፔር ይመጣል። ይሄ ለራሱ ብቻ የሆነ መስመርና ባለ 16 አምፔር ብሬከር ይፈልጋል፣ ገመዱም ከ2.5 ካሬ ሚሊሜትር አይነስ። ባለ 4 ወይ ባለ 5 ከሆነ ወደ 4 ካሬና ወደ ትልቅ ብሬከር ትሄዳላችሁ። በጭራሽ ባለ ብዙ ቀዳዳ ማራዘሚያ ላይ አትሰኩት፣ ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳው ጠቁሮ ያየሁት ቤት ሁሉ ማራዘሚያ የተጠቀመ ቤት ነው።

ከዛ ሌላውን ደምሩ። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ነው፣ የቡና ማሽኑ አለ፣ ፍሪጁ አለ፣ የውሃ ማሞቂያው አለ። ጠዋት ምጣዱ፣ ማሽኑና ቤንማሪው ባንዴ ሲበሩ ዋናው ብሬከር ይወርዳል፣ ሰዉም ቤንማሪው ነው የተበላሸው ይላል። ባለ ሶስት ፌዝ ቆጣሪ ካላችሁ ኤሌክትሪሻኑ ጭነቱን በሶስቱ ላይ እንዲያካፍለው ንገሩት፣ ከሌላችሁ ደግሞ ምጣዱ ስራውን ጨርሶ ከጠፋ በኋላ ቤንማሪው ይብራ፣ እቃውን ከመግዛታችሁ በፊት ግን ይሄን ቁጭ ብላችሁ ደምሩት።

ቮልቴጅ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ብዙ ሰው አያውቅም። ለ220 የተሰራ 3 ኪሎዋት ማሞቂያ 180 ቮልት ላይ ሲሰራ ሚሰጠው ሙቀት 2 ኪሎዋት ገደማ ብቻ ነው፣ አንድ ሶስተኛው ጠፋ ማለት ነው። ሰፈራችሁ ማታ ማታ መብራት ሚደክምበት ከሆነ ከምትፈልጉት ትንሽ ከፍ ያለ ዋት ያለውን ውሰዱ፣ ቴርሞስታት ስላለው ትርፉን አያባክነውም።

አርዝ ደሞ የግድ ነው። ውሃ፣ ብረትና መብራት አንድ ላይ ያለበት እቃ ነው፣ የምትሰራው ልጅ ደግሞ እርጥብ እጇን ይዛ ነው ምትነካው። አርዙ በትክክል መሬት መግባቱ ይለካ፣ መስመሩ ላይም ሰው እንዳይነዝር በ30 ሚሊአምፔር ሚቆርጠው ብሬከር ይግባ። ይሄ ላይ ብር አትቆጥቡ።

መብራት ሲጠፋስ?

መጀመሪያ ክዳኑን ክደኑ፣ ሰአቱን ያዙ። ውሃ ያለው ቤንማሪ ውሃው ሙቀት ስለያዘ ከደረቁ የበለጠ ይቆያል፣ ለሀዋሳ ውሃ ያለውን የምወድበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሲሊንደር ካላችሁ ጋዝ ላይ ውሃ አፍልታችሁ የቀዘቀዘውን አፍስሳችሁ በፈላው መተካት ትችላላችሁ፣ በጣም ይሰራል፣ ብዙ ወጥ ቤት ይሄን ቢለምድ ደስ ይለኛል። ምግቡ ከ60 ከወረደና ጊዜው ገና ከሆነ አውጥታችሁ እንደገና አፍሉት፣ ከ60 በታች ሆኖ 2 ሰአት ካለፈው ግን ይደፋ፣ ያማል አውቃለሁ፣ ግን ይደፋ።

ጄኔሬተር ለምትሉ፣ 5 ኬቪኤ የተባለው በተግባር 4 ኪሎዋት አካባቢ ነው ሚሰጠው፣ ስለዚ 3 ኪሎዋት ቤንማሪና መብራቶቹን ይይዛል፣ ምጣድ ግን አይጨመርም። ኢንቨርተርና ባትሪ ለማሞቂያ አታስቡት፣ ባትሪውን ወዲያው ነው ሚጨርሰው።

ስቴንለስ ነው ብለውኛል፣ እንዴት ላረጋግጥ?

ለምግብና ለጨው ሚሻለው 304 የሚባለው ነው፣ 18 ፐርሰንት ክሮሚየምና 8 ፐርሰንት ኒኬል ገደማ አለበት። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፣ በሀይል ከሳበው 430 ሚባለው ረከስ ያለ ስቴንለስ ወይ ተራ ብረት ነው። ካልሳበው ግን 304 ነው ብላችሁ አትደምድሙ፣ 201 ሚባለው ርካሹም ማግኔት አይስበውም፣ ኒኬሉ ግን ትንሽ ስለሆነ በጨውና በበርበሬ ወጥ ቶሎ ይነካል። ስለዚ ማግኔቱ መጥፎውን ያወጣላችኋል እንጂ ጥሩውን አያረጋግጥላችሁም፣ ደረሰኙ ላይ 304 ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቁ፣ መጻፍ ማይፈልግ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

የውጪው አካል 430 ቢሆን ችግር የለውም። ውሃው ሚተኛበት ጉድጓድና ትሪዎቹ ናቸው 304 መሆን ያለባቸው። የላሜራውን ውፍረትም በእጃችሁ ጫን ብላችሁ እዩ፣ ጎድጎድ ብሎ ሚመለስ ከሆነ በአመቱ ይጎብጣል።

ካውንተሩን መች ላስቆርጥ?

እቃው በእጃችሁ ከገባ በኋላ። ካታሎግ ላይ ባለው ልክ ወይ ሻጩ በስልክ በነገራችሁ ልክ ግራናይት ያስቆረጡ ሰዎች አሉ፣ ከዛ እቃው መጥቶ አንድ ሳንቲሜትር ሲበልጥ ወይ ከንፈሩ ቀዳዳው ላይ ሳያርፍ ወደ ውስጥ ሲሾልክ ያየ ሰው ሀዘኑን ያውቀዋል፣ ግራናይት ደሞ አይቀጠልም። እቃውን ገልብጣችሁ ካርቶን ላይ አስቀምጡት፣ ዙሪያውን በእርሳስ ሳሉ፣ ከከንፈሩ ወደ ውስጥ ያለውን ልክ ለዩ፣ ያንን ካርቶን ለቆራጩ ስጡት።

ቆራጩ ስራውን ሲጀምር አጠገቡ ቁሙ። አራቱ ማእዘን ላይ መጀመሪያ በድሪል ክብ ቀዳዳ ይውጣ፣ ከዛ ነው ግራይንደሩ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ሚሄደው። ዲስኩ ማእዘኑን አልፎ ከሄደና ሹል ጫፍ ከቀረ ስንጥቁ ሚጀምረው ከዛ ነው፣ የዛን ቀን ላይታይ ይችላል፣ ሙቀቱ ሲመላለስበት ግን ፀጉር የምታክል መስመር ከማእዘኑ ተነስታ ወደ ዳር ትሄዳለች። ቀዳዳው ከካውንተሩ ዳርም በጣም መጠጋት የለበትም፣ ፊት ለፊት ላይ ሰፋ ያለ ድንጋይ ይተዉለት።

ክብደቱንም አስቡ። ባለ 3 ጉድጓድ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ትሪዎቹ ሲሞሉ እያንዳንዳቸው ከ13 ኪሎ በላይ ናቸው፣ እቃው ራሱ አለ፣ በጠቅላላ ከ70 ኪሎ በላይ ድንጋዩ ላይ ብቻ አይንጠልጠል። ከስር በቱቦላሬ ፍሬም ይበየድለት። ካውንተሩ ውስጡ ቺፑድ ወይ ኤምዲኤፍ ከሆነ እንፋሎት ሲነካው ያብጣል፣ የተቆረጠው ጠርዝ ሁሉ በሲልከን ይዘጋ፣ ከተቻለ ማሞቂያው ያለበት ክፍል በላሜራ ይሸፈን።

ስፋቱ ለምትጠይቁ፣ ሙሉ ትሪዎች ጎን ለጎን ሲደረደሩ ለ3 ጉድጓድ 1.1 ሜትር አካባቢ፣ ለ4 ደግሞ 1.4 ሜትር አካባቢ ርዝመት ያስፈልጋል። የካውንተሩ ወርድ 80 ሳንቲ ቢሆን ሳህን ማሳረፊያም ይተርፋል። ከስር ደግሞ በር ይኑረው፣ ቴርሞስታቱና የውሃ መዝጊያው ሳይደረስባቸው በሴራሚክ ተደፍነው ያየሁበት ቤት አለ፣ ለአንዲት ትንሽ ጥገና ግድግዳ ማፍረስ ነው። አየር ማስገቢያ ቀዳዳዎችም ይተዉ፣ መቆጣጠሪያው ሙቀት ሲታፈንበት ቶሎ ይሞታል።

የውሃው መውጫ የግድ ነው?

ለኔ አዎ። መውጫ ከሌለው ማታ ማታ ሙቅ ውሃ በጣሳ እየቀዱ ማውጣት ነው፣ ሰው ይሰለቻል፣ ከዛ ውሃው ሳይቀየር ያድራል፣ በሁለተኛው ቀን መሽተት ይጀምራል። መውጫ ያለውን ግዙና ወደ ፍሳሽ አገናኙት፣ ግን በተራ ፒቪሲ ቱቦ አታርጉት፣ ፒቪሲ 60 ዲግሪ አካባቢ ላይ መላላት ይጀምራል። ለሙቅ ውሃ የተሰራ ፒፒአር ወይ የብረት ቱቦ ይሁን፣ ውሃውም ትንሽ በርዶ ይለቀቅ።

ቴርሞስታቱ 80 ይላል፣ ምግቡም 80 ነው ማለት ነው?

አደለም፣ እሱ ሚለካው ውሃውን ወይ ላሜራውን ነው። ምግቡን በሹል ቴርሞሜትር መሀሉ ላይ እየወጋችሁ ለኩ፣ አማስላችሁ ለኩ፣ 60 መድረሱን እዩ፣ እኔ 65 ላይ ቢቆይ እመርጣለሁ ምክንያቱም ክዳኑ ሲከፈት ሲዘጋ ይወርዳል። ምሳ ሰአት ላይ በየሰአቱ ቢለካና በደብተር ቢጻፍ በጣም ጥሩ ነው።

ቴርሞሜትሩ ትክክል መሆኑን በፈላ ውሃ ስትሞክሩ 100 ካላለ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትጥሉት። ሀዋሳ ከባህር ወለል በላይ 1700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ እዚ ሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ 94 ካለ ልክ ነው። በጣም አስተማማኙ ግን በረዶ ነው፣ የተፈጨ በረዶ ከትንሽ ውሃ ጋር ብርጭቆ ውስጥ አርጋችሁ ጫፉን ስትከቱት 0 ማለት አለበት።

ክዳንና መስታወት ያስፈልጋል?

ሁለቱም። ክዳን ሙቀቱን ይይዛል፣ መብራትም ይቆጥባል። ደንበኛ ራሱ እያነሳ ከሆነ ከላይ መስታወት ይኑር፣ ሰው እያወራ ነው ሚሰለፈው። ሀይቁ ዳር ያላችሁ ደሞ የማታውን የትንኝ ነገር ታውቁታላችሁ።

እንጀራስ?

እንጀራ አይገባም፣ ይረጥባል። ፍርፍር ይቻላል ግን ለአጭር ጊዜ፣ ከዛ ወደ ገንፎ ይጠጋል።

እዚሁ ብረት ቤት ቢሰራልኝ አይሻልም?

አካሉን አዎ፣ ሀዋሳ ላይ ጎበዝ ጎበዝ በያጆች አሉ፣ ካውንተራችሁ ልኩ የተለየ ከሆነ እነሱ ናቸው ሚያዋጡት፣ ሲበላሽም ቅርባችሁ ናቸው። ሁለት ነገር ግን ጠይቁ፣ ጉድጓዱ በ304 ላሜራ ተሰርቶ በአርጎን ይበየድ፣ በተራ ብየዳ ከሆነ መገጣጠሚያው ላይ ዝገት ይጀምራል። ሁለተኛ የምጣድ ሬዚስታንስ አስገብተው ያለ ቴርሞስታት በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰጡትን አትቀበሉ፣ እሱ ወይ ሙሉ ይግላል ወይ ይጠፋል፣ መሀል የለውም። ከ30 እስከ 110 ዲግሪ ሚስተካከል ቴርሞስታት ለብቻው ተገዝቶ ይገባል፣ ውሃ ሲያልቅ ሚያጠፋ መከላከያም ከተገኘ ይጨመር። የመብራቱን ስራ ኤሌክትሪሻን ይስራው፣ በያጅ ጎበዝ ስለሆነ ብቻ መስመር እንዲዘረጋ አታርጉ።

ጽዳቱ እንዴት ነው?

በየማታው አጥፉት፣ ይብረድ፣ ውሃው ይፍሰስ፣ በለስላሳ ስፖንጅና በሳሙና ይታጠብ፣ ይድረቅ። በረኪና አታስነኩት፣ ክሎሪን ስቴንለስን ነጥብ ነጥብ አርጎ ነው ሚበላው፣ የብረት ሽቦ መፋቂያም አይሁን ምክንያቱም የተጫረው ላይ ዝገት ይይዛል። ውሃው በጊዜ ብዛት ነጭ ቅርፊት ይተዋል፣ ሬዚስታንሱ ላይ ሲወፍር ሙቀቱን ይከለክላል፣ ማሞቂያውም ቶሎ ይቃጠላል፣ ስለዚ በሳምንት አንዴ ኮምጣጤ በሙቅ ውሃ አርጋችሁ ግማሽ ሰአት አቆዩትና እጠቡት።

ያገለገለ ልግዛ? ከአሜሪካ ዘመድ ሊልክልኝ ነው፣ ልቀበል?

ያገለገለ ከሆነ ሻጩ ጋ ሄዳችሁ ውሃ ሞልታችሁ አስበሩት፣ ቢያንስ አንድ ሰአት ቁሙ። ከስሩ ጠብታ አለ ወይ፣ ቴርሞስታቱ ሲደርስ ያጠፋል ወይ፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ ይሞቃል ወይ፣ አካሉ ይነዝራል ወይ፣ ይሄንን የመጨረሻውን ግን በእጃችሁ ሳይሆን ኤሌክትሪሻን በቴስተር ይየው። ትሪ ይዛችሁ ሄዳችሁ ልክ መግጠሙን ሞክሩ።

ከአሜሪካ የሚመጣው ላይ የተጻፈውን ቮልት በፎቶ ያስልክላችሁ። 120 ቮልት ከሆነ አትቀበሉ፣ በስህተት 220 ላይ ከተሰካ ከታሰበለት ከ3 እጥፍ በላይ ሀይል ነው ሚገባበት፣ ወዲያው ይቃጠላል፣ ለሱ የሚሆን ትራንስፎርመር መግዛት ደግሞ ውድና ትልቅ ነገር ነው። ከአውሮፓ፣ ከቱርክ ወይ ከቻይና የመጣና 220 ወይ 230 ቮልት የተጻፈበት ግን ያለ ምንም ነገር እዚ ይሰራል።